ሰፈሩ ንስሐ የገባብኝ የገና ጾም

ስለ አፌ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እሱን ሳታውቁ የደረሰብኝን ባወራ ውሸቴን ይመስላችኋል። ወሬ እወዳለሁ። እዚሁ ጊንጆ ካለው ዳቦ ቤት ደርሶ ለመመለስ ለሌላው ሰው አፍታ ይበቃዋል፤ እኔ ግን ትኩስ ዳቦ ገዝቼ ሻይ ውስጥ ካልተነከረ የማይቆረጥ ይዤ ነው ቤቴ የምገባው። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የግብርና ቢሮ የቡና ባለሙያ ነበርኩ፤ ሸቤም ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ገበሬ ሰብስቤ ስለ ቡና አለቃቀም ማስተማር ስጀምር አረንጓዴ የነበረው ቡና ንግግሬን እስክጨርስ ይቀላ ነበር ይላሉ። ይህን የሚሉት ወዳጆቼ ናቸው፤ ሌሎቹ የሚሉትን ተዉት። ባለቤቴ አልማዝ ደግሞ «የአንተን መሞት ሐኪም ቢነግረኝ አላምንም፤ ዝም ማለትህን በዓይኔ ካላየሁ» ትለኛለች።

ይህን አፍ ይዤ ነው እንግዲህ የነቢያትን ጾም የገባሁት። ጾሙ ራሱ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጅማ ላይ ለሆድ አይከብድም። አቮካዶው ከዛፉ እየወደቀ ራስ ይመታል፤ ጎደሬው፣ ቦዬው፣ ሙዙ በየበሩ ነው። አንድ ቀን አቮካዶ በዳቦ፣ ከዚያ ጎደሬ በዳጣ፣ ከዚያ ሽሮ፣ በላዩ ላይ ሙዝ በልቼ ቀበቶዬን ሳላላ አፈርኩ። ነቢያቱ የክርስቶስን መምጣት እየተጠባበቁ ከምድረ በዳ ምድረ በዳ የተንከራተቱበትን ጾም እኔ እየወፈርኩበት ነው!

በዚሁ ኀፍረት፣ ከገና በፊት ካሉት ሦስት እሑዶች በመጀመሪያው፣ በስብከት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ጾሙ አልከበደኝም። እስቲ የሚከብድ ነገር ይጨምሩልኝ» አልኳቸው።

አተኩረው አዩኝ። ያውቁኛል። ኃጢአቴን ስናዘዝ እንኳ መሐሉ ላይ የሰፈር ወሬ እየሰነቀርኩ ስንት ጊዜ አስቸግሬያቸዋለሁ።

«ልጄ፣ የአንተ ሥጋና ቅቤ ያለው አፍህ ላይ ነው» አሉኝ። «እስከ ገና ምላስህን ጹም። ለወሬ የምታጠፋውን ጊዜ ለጸሎት አድርገው። ደግሞ እየጾምኩ ነው ብለህ አዋጅ አታስነግር።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ሐሜት ቀንስ ማለታቸው ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እኔ ትንሽ ነገር አይሆንልኝም። ቤቴ ገብቼ ሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆምኩና ከጸሎት በቀር እስከ ገና አንዲት ቃል ከአፌ እንደማትወጣ ተሳልኩ። ስእለት ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ የተሳለ ሰው ወይ ያደርሳል፣ ወይ የንስሐ አባቱ ይፈቱታል። አዋጅ አታስነግር ስለተባልኩ ለአልማዝም አልነገርኳትም። ኋላ ልነግራት ሳስብ ደግሞ መናገር ክልክል መሆኑ ትዝ አለኝ።

አልማዝ የመጀመሪያውን ቀን በደስታ አሳለፈችው። እየዞረች ታየኛለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ሻይ ትጨምርልኛለች። የዘመናት ጸሎቷ የተመለሰላት መስሏት ሻማ ለመግዛት ሁሉ አስባ ነበር አሉ። በሁለተኛው ቀን ግን ሳይነጋ ተነስቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዳዊት ስደግም ሰማችኝ። ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ለእግዜር ይናገራል!» አለች። «የተዘጋው ለእኔ ነው!»

መዝሙሬን ጨርሼ መጽሐፉን ሳምኩና ዝም አልኩ። እሷም ወገቧን ይዛ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ እኔ ፈጽሞ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ።

«እሺ» አለች፣ «ኮትህ ነው አይደል? ቡናማው ኮትህ። ጠፋ ያልኩህ ውሸቴን ነው። ለወንድሜ ሰጥቼው ነው። ክርኑ የተበላ ኮት ለብሰህ ማኅበር ስትሄድ ሰው ምን ይለኛል?»

ያን ኮት ክረምቱን ሙሉ ስፈልገው ነበር የከረምኩት። ልብስ አጣቢዋን ተጠራጥሬአለሁ፤ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አላቅቄ ኋላውን አይቻለሁ። ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ግን ስእለት ነው። አንገቴን ደፋሁ። አንገቴን ስደፋ አልማዝ ሌላም ነገር ያወቅኩባት መሰላት።

«ሽሮውንም ሰምተሃል ማለት ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አዎ፣ በየጾሙ 'የአልማዝ እጅ' እያልክ የምታሞግሰው ሽሮ የእኔ እጅ አይደለም። ቅመሙን የምታሰናዳልኝ ሐዋ ናት። ከተጋባን ጀምሮ በየማኅበሩ ስታወራልኝ እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

ሐዋ የጎረቤታችን የአባ ፊጣ ሚስት ናት። ይኸውላችሁ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የጾምኩት በአንዲት እስላም ሴት እጅ ኖሯል! ሳቅ ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ሳቅም ድምፅ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ጥርሱን ነክሶ ዓይኑን ያፈጠጠ ሰው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ አልማዝ ሸሽታ ጓዳ ገባች።

ለኪዳን ጸሎት ባጃጅ ያዝኩ። በእኛ ሰፈር የሚያልፈው ባጃጅ መንገደኛ እየጫነ እያወረደ እስከ ቦሳ ኪቶ ይዘልቃል፤ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ላይ ነው። መውረጃዬ ሲደርስ ነው ጉዴ የገባኝ፤ ባጃጅ የሚቆመው «ወራጅ አለ» ሲሉት ነው። ሳልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሶፍት ሰጠችኝ። የባጃጁን ብረት አንኳኳሁ። ሾፌሩ ዘፈኑ የጣመኝ መስሎት ድምፁን ጨመረው። ቤተ ክርስቲያኑ በስተቀኝ በኩል አለፈ፤ ተሳልሜ ተሰናበትኩት። ቦሳ ኪቶ መጨረሻው ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ሾፌሩና እኔ ተፋጠጥን።

«አባት፣ የት ነበር የሚወርዱት?»

ዝም።

«አባት?»

ዝም አልኩና በትካዜ አየሁት። ልጁ ሞተሩን አጠፋ።

«እሺ አባት፣ አውቄዎታለሁ። ያኔ ዝናቡ ላይ እጅዎን ሲያነሱ አይቼ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ጎማዬ ጭቃ እንዳይገባ ፈርቼ ነው፣ ወላሂ። ይቅር ይበሉኝ።»

እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ ይቅር አልኩትና በእግሬ ተመለስኩ። ኪዳኑ አልቆ ነበር።

ነገሩ የገባኝ በዚያ መንገድ ላይ ነው። ሰው ዝም ካላችሁት የራሱን ጥፋት እየፈለገ ያወጣል። ባለ ሱቁ ቢላዋዬን ተውሶ አለመመለሱን አመነ። የእድራችን ጸሐፊ የማኅበር ድንኳኑን ያቃጠለው የእሱ ሲጋራ መሆኑን በር ድረስ መጥቶ ነገረኝ። እኔ ንስሐ ልገባ ብነሳ ሰፈሩ ሁሉ ንስሐ ገባብኝ!

እስካሁን ያለው ሁሉ ሳቅ ነው። ያስለቀሰኝ የአባ ፊጣ ነገር ነው።

አባ ፊጣ ከእኛ የሚለየው ወገብ የሚደርስ አጥር ነው። የጅማ ልጅ፣ የቡና ነጋዴ፣ ረጅም፣ ቆብ የማይለየው ሰው ነው። ቤታችንን የሠራነው በአንድ ዘመን ነው፤ እኔ ስታመም እሱ፣ እሱ ሲያዝን እኔ፣ እንዲሁ ነው የኖርነው። በመኸር ጊዜ ግቢው ውስጥ ሰሌን ዘርግቶ ጀንፈሉን፣ ከነገለባው ያለውን ቡና፣ ያሰጣል፤ ጠዋት ጠዋት እያገላበጠ ይጠብቀኛል። የአባ ፊጣ ሰላምታ እንደ ዛሬ ልጆች እጅ ተወዛውዞ የሚያበቃ አይደለም። «አካም ቡልቴ? ናጋ ቡልቴ? ማቲን ናጋ?» ብሎ ከእኔ አዳር ይጀምርና ቤተሰቡን፣ አዲስ አበባ ያሉትን ልጆች፣ ጉልበቴን፣ ዝናቡን፣ የአቮካዶውን ዛፍ ሳይቀር በሰላም ማደራቸውን ይጠይቃል። እኔም ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እየመለስኩ የእሱን ደግሞ ከከብቱ እስከ ቡናው እጠይቃለሁ። በመካከሉ «አልሐምዱሊላህ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» እየተቀባበልን ስንጨርስ ፀሐይዋ ሰሌኑ ላይ ትደርሳለች።

ዝም ባልኩ በመጀመሪያው ጠዋት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አጎነበስኩለት። ጉሮሮዬን ያመመኝ መስሎት ማር በዝንጅብል ላከልኝ። በማግስቱም አጎነበስኩ፤ ጤና አዳም ጨመረበት። በሦስተኛው ቀን አልማዝ አጥሩ ጋ ቆማ «ዳዊቱንማ እንደ ደወል ነው የሚደግመው፣ ጉሮሮው ምንም አልሆነም» ስትለው ሰማሁ። የአባ ፊጣ ፊት ሲለወጥ በመስኮት አየሁት።

ከዚያ ወዲህ እሱም እንደ ሌላው ጀመረው።

«ኦቦሌሳ፣ ፍየሏ ናት?» አለኝ አንድ ጠዋት፤ ወንድሜ ሲለኝ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «ጎመንህን የበላችው የእኔ ፍየል ናት። አይቻታለሁ። በልታ እስክትጨርስ ዝም ብዬ ነው ያየኋት፣ ደስ ብሏት ነበር።»

አጎነበስኩ። በማግስቱ አጥሩን ተደግፎ ጠበቀኝ።

«የአቮካዶው ነገር ነው እንዴ? ማሎ፣ እባክህ ተናገር! እሺ፣ ወደ እኔ ግቢ የተዘረጋውን ቅርንጫፍ የሚጨርሰው ጦጣ ነው ያልኩህ… ጦጣ የለም። ጦጣው እኔ ነኝ።»

ያንን ጦጣ ለዓመታት በድንጋይ ሳባርር ኖሬአለሁ። አንድ ጊዜማ ከመሰላል ወድቄለታለሁ! ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ፊቴን አዙሬ ሮጬ ቤት ገባሁ። በአጥሩ ማዶ ለቆመ ሰው ግን ይህ ሳቅ አይመስልም፤ ጀርባ መስጠት ነው። አባ ፊጣ ይቅርታ ጠይቆ ጀርባ የተሰጠው ሰው ሆነ።

በሚቀጥለው ጠዋት ስወጣ ጀንፈሉን እያገላበጠ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። «አካም ቡልቴ» የለም። «ማቲን ናጋ» የለም። የመንሹ ድምፅ ብቻ ሰሌኑ ላይ ይሰማል።

ከፋኝ። በጣም ከፋኝ። ዝምታው ያተረፈልኝ ነገር አልነበረም አልልም፤ ጸሎቴ ረጋ ብሎ ነበር፤ የአዛኑና የደወሉ ድምፅ ንጋት ላይ ተከታትሎ ሲመጣ መስማት ጀምሬ ነበር፤ ቀድሞ ስለማወራ አልሰማውም። ከዚያ ጠዋት በኋላ ግን ዳዊት ስደግም ልቤ አጥሩን እየዘለለ አስቸገረኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዞ ወዳጅነቴን እየበላው ነበር።

ከብርሃን እሑድ በኋላ ባለው ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሽማግሌዎች መጡ። ላኪያቸው አልማዝ ናት። ፊት ፊት የሰፈራችን ሐጂ በከዘራቸው፣ ቀጥሎ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሴ፣ ከኋላ አባ ፊጣ አቀርቅሮ። ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ወንበር ወጣ። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ ጋሽ ደምሴ አማተቡ፣ እኔ ተቀመጥኩ።

«እንግዲህ» አሉ ሐጂ፣ «ጎረቤት ሲጣላ ሰፈር ይታመማል። ምን አደረገህ? አንተው ጀምር።»

ዝም።

«ስለ ማርያም ብለህ ተናገር!» አሉ ጋሽ ደምሴ። ስለ ማርያም ተብዬ እምቢ ያልኩበት ቀን በሕይወቴ የለም፤ ላብ በጀርባዬ ወረደ። ዝም።

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ሰው፣ ይሄ ወሬኛ ሰው ዝም ካለ፣ የተደረገበት ነገር ትልቅ ነው» አሉ። ይህን ሲሉ አባ ፊጣ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ያለ ቆቡ አይቼው አላውቅም፤ ያረጀ መሰለኝ።

«ያለኝን ሁሉ ነግሬዋለሁ» አለ። «ፍየሏንም፣ አቮካዶውንም። አንድ ያልነገርኩት ወሬው ከክረምት ይረዝማል ብዬ ገበያ ላይ መሳቄን ነው፤ እሱንም አሁን ነገርኩት። ከዚህ በላይ ምን እንደበደልኩት አላውቅም። የፊታችን እሑድ ለልጄ ሚስት ልንጠይቅ ሸቤ ቀጠሮ አለን። የልጅቷ አባት አባ ዋሪ የእሱ የድሮ ወዳጅ ነው፤ የእሱን ቃል ያከብራል። በየጠዋቱ አጥሩ ላይ የምጠብቀው እሱን ልለምነው ነበር። እንግዲህ ቀጠሮውን አፈርሳለሁ። ወንድሜ አኩርፎኝ፣ ከኋላዬ የሌለ ሰው ሆኜ፣ የሰው ልጅ ልጠይቅ አልሄድም።»

ይህን ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። አፌን ከፈትኩ፤ ስእለቴ ትዝ አለኝ፤ ዘጋሁት። የንስሐ አባቴ ብቻ ናቸው የሚፈቱኝ። ብድግ ብዬ የግቢውን በር በርግጄ ሮጥኩ።

ከሽማግሌ ፊት ተነስቶ መሮጥ በጅማ ምን ማለት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከኋላዬ ሐጂ «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ!» ሲሉ፣ አልማዝ ስሜን ስትጠራ፣ ከዘራ ሲወድቅ ሰማሁ። መንገድ ላይ ባጃጅ ሳስቆም ሾፌሩ ያው ልጅ ሆኖ ተገኘ።

«ውይ፣ የኔ አባት! ዝም የሚሉት አባት! አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ምንም አይበሉ፣ ቦታዎን አውቃለሁ» አለና ቤተ ክርስቲያኑን እንደ ነፋስ አልፎ ቦሳ ኪቶ አወረደኝ።

ከቦሳ ኪቶ እየሮጥኩ፣ ሲደክመኝ እየተራመድኩ፣ ቅጥረ ቤተ ክርስቲያኑ ስደርስ ጠበል የሚጠብቁ ሴቶች ተሰልፈው፣ የንስሐ አባቴ ከዛፍ ሥር ሰው ሲያነጋግሩ አየኋቸው። እግራቸው ሥር ወደቅሁ። ለመናገር ፈቃድ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ መናገር ያስፈልጋል። ይህን በመንገድ ላይ አላሰብኩበትም ነበር። አፌን ጠቆምኩ። ሰማይ ጠቆምኩ። ወደ ጊንጆ ጠቆምኩ። ደረቴን መታሁ።

«ወይኔ! አንደበቱን ይዞታል!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች።

«ያዙት እንዳይወድቅ!» አለች ሌላዋ። ሴቶቹ ወዲያው ከበቡኝ። የንስሐ አባቴ «ቆይ እስቲ፣ ቆዩ» ይላሉ፣ ማን ሊሰማቸው። ዲያቆኑ ጠበሉን በባልዲ ይዞ ደረሰና ሙሉውን ከአናቴ ላይ ለቀቀው። የታኅሣሥ ጠበል ነው እንግዲህ።

«ኧረ በማርያም! በረደኝ!» ብዬ ጮህኩ።

እልልታው ቅጥሩን አናወጠው። «ተናገረ! ዲዳው ተናገረ!» አንዷ እግሬን ልትስም ጎንበስ አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ በኋላማ ማን ይዘጋዋል? እየተንቀጠቀጥኩ ኮቱን፣ ሽሮውን፣ ጦጣውን፣ ሸቤን፣ ቆቡን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩላቸው። የንስሐ አባቴ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሴቶቹ የሚያለቅሱ መስሏቸው አብረው አለቀሱ።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ምላስህን ጹም ስልህ ሐሜቱን፣ ከንቱውን ማለቴ ነው። ሰላምታ የአንተ ነው እንዴ የምትጾመው? ሰላምታ እኮ የእግዚአብሔር ነው። ጎረቤትህ በየጠዋቱ የእግዚአብሔርን ሰላምታ ይዞ በርህ ላይ ሲቆም አንተ አልቀበልም ስትል ከረምክ።»

ከጠበሉ ይልቅ ይህ ነው የበረደኝ። የጾምኩት የራሴን መስሎኝ የሌላውን ነበር።

«ሂድ። ለሰላምታና ለእርቅ ፈትቼሃለሁ። ወሬው ግን እስከ ገና እንደታሰረ ነው።»

«ለሸቤው ሽምግልናስ፣ አባቴ?»

«እሱም ከእርቅ ይቆጠራል» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ግን አሳጥረው» አሉኝ።

ውኃዬን እያንጠባጠብኩ ስመለስ ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ነበሩ፤ አባ ፊጣ ግን ቤቱ ገብቶ ነበር። አጥሩ ላይ ቆምኩና ሰፈሩ እስኪሰማ ጮህኩ።

«አባ ፊጣ! አካም ቡልቴ? ናጋ ቡልቴ? ማቲን ናጋ? ሐዋ ደህና ናት? ከብቱ ደህና ነው? ፍየሏ ደህና ናት? ጦጣው ደህና ነው?»

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አባ ፊጣ ቆቡን አድርጎ ወጣ። እርጥቡን ራሴን አየ፣ የሚንጠባጠበውን ልብሴን አየ።

«ጦጣው ደህና ነው» አለ። «አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ አጥሩን አልፎ አቀፈኝ። አረጥብሃለሁ ብለው አልሰማኝም።

ነገሩን በሙሉ ሳስረዳ ሐጂ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ ሳቁ፤ ጋሽ ደምሴ ግን ስለ ማርያም ተብዬ ዝም ያልኩትን ይቅር ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው። ሐዋ ሽሮ በድስት ይዛ መጣች። «ቅቤ የነካው አይደለም፤ ድስቱንም የጾም ድስት ነው ያደረግኩት» አለችኝ። በልቼ «የእጅሽን ጣዕም ድሮም አውቀዋለሁ» ስላት አልማዝ ወደ ሰማይ አየች።

በኖላዊ እሑድ፣ ሰባኪው በጎች የእረኛቸውን ድምፅ ለይተው ስለማወቃቸው ሲያስተምሩ ከሰማሁ በኋላ፣ ከአባ ፊጣና ከሐጂ ጋር ሸቤ ሄድን። ሸቤ ድረስ ዝም ብዬ ተቀምጬ ስጓዝ የመጀመሪያዬ ነው። አባ ዋሪ ቤት በክብር ተቀበሉን፤ የመጣንበትን በአጭሩ ተናገርኩ። እውነቴን ነው፣ በአጭሩ። ስጨርስ አባ ዋሪ መልስ አልሰጠም። መሬት መሬት እያየ ዝም አለ።

ዝምታ ምን እንደሚሠራ የሚታወቀው በሌላው በኩል ሲቆሙ ነው። አባ ፊጣ መቁጠሪያውን ይቆጥራል፣ ሐጂ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አባ ዋሪ ዝም። አላስቻለኝም።

«እሺ» አልኩ፣ «ፍየሏ ጎመኔን በልታለች። አልደብቅም። ጦጣ የተባለውም የልጁ አባት ነው።» አባ ፊጣ ከኋላ ኮቴን ሲጎትት ይሰማኛል፤ እኔ ግን ሄጃለሁ። «ደግሞ ወሬው ከክረምት ይረዝማል ብሎ ገበያ ላይ ስቆብኛል። እኔም አኩርፌ ሳይሆን ጾሜ ሰላምታ ከልክዬው ከርሜአለሁ። ሚስቱም በጾሜ የምበላውን ሽሮ ለዓመታት ደብቃ ስታሰናዳልኝ ኖራለች!»

አባ ዋሪ ቀና አለ። መጀመሪያ ጢሙ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ሽማግሌ የሚመጣው የሌለ ደግነት ሊቆጥርልኝ ነው» አለ። «እናንተ ጥፋታችሁን ይዛችሁ መጣችሁ። የዚያ ቤት ትልቁ ጥፋት ጎመንና አቮካዶ ከሆነ፣ ልጄ እዚያ ትኑር። ይሁን፣ ኢንሻአላህ።»

በማግስቱ ጠዋት ለገና ጥቂት ቀን ቀርቶ ነበር፤ ወሬዬም እንደታሰረ ነው። ስወጣ አባ ፊጣ ጀንፈሉን እያገላበጠ ጠበቀኝ። ከአዳሬ ጀምሮ እስከ አቮካዶው ዛፍ ጠየቀኝ፤ እኔም አንድ ሳላጎድል መለስኩለት፣ ከከብቱ እስከ ሙሽራው ጠየቅኩት። ሰላምታው ሲያልቅ አፌን ዘጋሁ። እሱም አንዳች ሳይል አጥሩን ተደገፈ። ፀሐይዋ ሰሌኑ ላይ እስክትደርስ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆምን።

አልማዝ በመስኮት አንገቷን አውጥታ አየችንና ደነገጠች።

«እንዴ! ደግሞ ተጣላችሁ?»

እኔ መመለስ አልችልም። አባ ፊጣ መለሰልኝ።

«አልተጣላንም አልማዝ፣ እየጾምን ነው» አለና መንሹን አንስቶ ወደ ጀንፈሉ ተመለሰ።